ከ«ከ» ወደ «ዛን»፦ ትናንሽ ልጆች በእንግሊዝኛ እንዲያወዳድሩ ማስተማር

«ቲቸር፣ ማይ ብራዘር ኢዝ ሎንግ ፍሮም ሚ!»

ይህን ያለኝ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ወንድሙ በቁመት እንደሚበልጠው ሊነግረኝ ፈልጎ። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም። ሁሉም ትክክል መስሏቸዋል። እኔም ላርመው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ልጁ ምን አጠፋ? «ወንድሜ ከእኔ ይረዝማል» ብሎ በአማርኛ አሰበ። «ከ» ማለት ፍሮም ነው፤ «ረጅም» ማለት ሎንግ ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ ለሚመረምረው አንድም የተሳሳተ ቃል የለም።

አዳማ ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እኛ መምህራን ኮምፓራቲቭና ሱፐርላቲቭ የምንለውን ትምህርት ለዓመታት ያስተማርኩት በሠንጠረዥ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሰምራለሁ። «ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት! ቢግ፣ ቢገር፣ ቢገስት!» ልጆቹ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ጩኸቱ ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል። ከዚያ ሁለት እርሳስ አንስቼ «የትኛው ይረዝማል? በእንግሊዝኛ ንገሩኝ» ስላቸው ዝም። ወይም «ዚስ ኢዝ ሎንግ»። ሠንጠረዡ በቃላቸው አለ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የለም።

አሁን የማደርገው ሌላ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በስድስት ክፍለ ጊዜ ይሄዳል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ቤት ውስጥ ልጁን የሚያስጠና ወላጅም ሊሠራበት ይችላል።

መጀመሪያ፣ ችግሩ የት እንዳለ

አማርኛ ሲያወዳድር ቅጽሉን አይነካውም። ሥራውን የሚሠራው ግሱ ነው። ይበልጣል፣ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይከብዳል፣ ይፈጥናል። አፋን ኦሮሞም «ጫሉ» የሚል ግስ አለው፤ መብለጥ ማለት ነው። ጫላና ጫልቱ የሚባሉት ስሞች የመጡት ከዚሁ ነው። ይበልጣል የሚባል ልጅ ያላችሁ እንደሆነማ ስሙ ራሱ ማወዳደሪያ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው በጣም ይወዱታል። ጫላና ይበልጣል አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ ማን ማንን በለጠ የሚለው ክርክር እስከ ዕረፍት ሰዓት ይቀጥላል።

ስለዚህ ልጆቹ ማወዳደር ያውቁበታል። ያላወቁት እንግሊዝኛ ነገሩን ከቅጽሉ ጭራ ላይ እንደሚቀጥለው ነው። ሁለተኛ ደግሞ «ከ»ን ፍሮም አይደለም የሚያደርገው፣ ዛን ነው። እኔ በመጀመሪያ የማስተምረው ይህን ሁለተኛውን ነው። ብዙ መምህር ጭራ ላይ የሚቀጠለውን «ኢ አር»ን ያስቀድማል። የእኔ ልምድ የሚለው ግን ዛን የገባው ልጅ «ኢ አር»ን በቀላሉ እንደሚይዝ፣ የተገላቢጦሹ ግን እንደማይሆን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ልጆቹ አሥር ያህል ቅጽሎችን ያለ ማመንታት ማወቅ አለባቸው፦ ቶል፣ ሾርት፣ ሎንግ፣ ቢግ፣ ስሞል፣ ፋስት፣ ስሎው፣ ኦልድ፣ ሆት፣ ሄቪ። ካላወቁ አንድ ቀን ለእነዚህ ስጡ። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አታሸክሟቸው።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛው «ረጅም» ነው። ለእኛ ሰውም ረጅም ነው፣ ገመድም ረጅም ነው። ለእንግሊዝኛ ሰውና ዛፍ ቶል፣ ገመድና መንገድ ሎንግ ናቸው። ተራራ ደግሞ ሃይ ነው። እኔ በእጄ ነው የማሳየው። ከታች ወደ ላይ ከሆነ ቶል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከሆነ ሎንግ። እርሳስ ሲቆምም ሲተኛም ሎንግ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ልጅ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው።

ሁለተኛው «ትልቅ» ነው። «ታላቅ ወንድሜ ይበልጠኛል» ለማለት «ሂ ኢዝ ቢገር ዛን ሚ» ይላሉ። የዕድሜ መብለጥ ኦልደር መሆኑን ለይታችሁ ንገሯቸው። ሦስተኛው ወጥመድ እዚያው ይጠብቃችኋል። ኦልድ ሲባሉ «አሮጌ» ብቻ ነው የሚታያቸው። «ማይ ሲስተር ኢዝ ኦልደር ዛን ሚ» ሲሉ ራሳቸው ይሳሳቃሉ፤ እህታቸውን አሮጊት ያሏት ይመስላቸዋል። አንዴ ሳቁን አስጨርሷቸው፣ ከዚያ ያልፋል።

ለዕቃ ወጪ አያስፈልግም። በአንድ ካርቶን ውስጥ እነዚህ አሉኝ፦ አንድ አዲስ እርሳስና በመቅረጫ ያለቀ ጉርድ እርሳስ፣ ሁለት ድንጋይ፣ ሎሚና ብርቱካን፣ ሦስት የተለያየ ርዝመት ያለው ሲባጎ፣ ባዶና ውሃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ። ወቅቱ ከሆነ አንድ ሀባብ ከገበያ አመጣለሁ። ሀባቡ በመጨረሻው ቀን ስለሚበላ ትምህርቱን ማንም አይረሳውም።

አንደኛው ቀን፦ ሁለት ነገር፣ አንድ ድልድይ

በዚህ ቀን ሱፐርላቲቭ የሚባል ነገር አይነሳም። «ቶለስት» የምትለዋን ቃል እንኳ አላወጣትም።

ሁለቱን እርሳሶች አነሳለሁ። መጀመሪያ በአማርኛ እጠይቃለሁ፦ «የትኛው ይረዝማል?» «አዲሱ ከአሮጌው ይረዝማል» ይላሉ። ልጆቹ አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው ከሆነ በዚያ አስብሏቸው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ «ከ» የምትለዋን ድምፅ አጠብቄ ደግሜ እጠራታለሁ። «ይቺ «ከ» ዛሬ እንግሊዝኛ ስትሆን ፍሮም አትባልም። አዲስ ስም አላት። ዛን!»

ዛን በትልቁ የተጻፈበት የካርቶን ቁራጭ አለኝ። አንድ ልጅ ጠርቼ አስይዘውና መሐል አቆመዋለሁ። ከክፍሉ ሲታይ በቀኙ ጉርዱን እርሳስ የያዘች ልጅ፣ በግራው አዲሱን የያዘ ልጅ። ከዚያ እንደ ባቡር ፉርጎ እያነበብን እንሄዳለን፦ «ዚስ ፔንስል ኢዝ ሎንገር ዛን ዛት ፔንስል።» እኔ ሎንገርን ብዙም ሳላብራራ ነው የምለው። ትኩረቴ መሐል የቆመው ልጅ ላይ ነው። ተራው ሲደርስ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ ይጮኻል። ይቺን ቦታ ለማግኘት የሚደረገውን ግፊያ ብታዩ! እኔ ሁልጊዜ አፉን የማይከፍተውን ልጅ ነው የምመርጠው። አንድ ቃል ብቻ ስለሆነች አትከብደውም።

ስለ አጠራሩ ብዙ አትጨነቁ። ምላስን በጥርስ መሐል አውጥቶ የሚባለው ድምፅ በአማርኛ የለም። አንዳንዱ ዛን፣ አንዳንዱ ዳን ይላል። አንድ ጊዜ ምላሴን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ እናልፋለን።

ቀጥሎ ዕቃ መቀያየር ነው። ድንጋይና ድንጋይ፣ ሎሚና ብርቱካን። አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር፣ ቅጽሉ ብቻ ይቀየራል። ቢገር፣ ስሞለር፣ ሎንገር፣ ሾርተር። አሥር ጊዜ ከደጋገማችሁ በኋላ ካርቶን ያዡን አስቀምጡት። ቦታው ባዶ ይሁን። ዓረፍተ ነገሩን ሲሉ ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዛን ከራሳቸው መውጣት አለባት። ካልወጣች ልጁን መልሱት።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፦ «ሎንግ ነበር ያልነው፤ አሁን ግን ምን ጨመርንበት?» ራሳቸው ያገኙታል። አንዱ «ቲቸር፣ «ር» ጨመርን!» ይላል። በቂ ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ መጻፍ፣ የጠበቀችውም ፊደል

መጻፍ ላይ ነው ልጆች የሚበተኑት። ሦስት ነገር አለ፤ ከሦስቱ ጊዜ የሚበላው መካከለኛው ነው።

ቀላሉን አስቀድሙ። ቶል፣ ሎንግ፣ ስሞል፣ ፋስት የመሳሰሉት መጨረሻቸው ላይ «ኢ አር» ብቻ ይጨመርላቸዋል። በ«ኢ» የሚያልቁት፣ ለምሳሌ ላርጅና ናይስ፣ «ኢ»ዋ ቀድማ ስላለች «አር» ብቻ ይበቃቸዋል።

ቢግና ሆት ግን የመጨረሻ ፊደላቸውን ይደግማሉ። ቢገር ሲጻፍ ሁለት «ጂ» ነው፣ ሆተር ሁለት «ቲ»። ለምን እንደሆነ ለልጅ እንዲህ እነግራለሁ፦ ቃሏ አጭር ስትሆን፣ መጨረሻዋ ላይ አንድ አናባቢ ብቻውን ቆሞ ከኋላው አንድ ተነባቢ ብቻ ካለ፣ ያ ተነባቢ መንታውን ይጠራል። ቢግ፣ ሆት፣ ፋት፣ ቲን፣ ዌት፣ ሳድ እንዲህ ናቸው። ክሊን ግን ሁለት አናባቢ ስላላት መንታ አትፈልግም። ፋስት መጨረሻዋ ላይ ሁለት ተነባቢ ስላላት እሷም አትፈልግም። ስሎው የምታልቅበት «ደብልዩ» ደግሞ መቼም አይደገምም።

አሁን የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የሚገባበትን ጉድጓድ ላሳያችሁ። እኛ ድምፅ እናጠብቃለን እንጂ አንጽፈውም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። ወረቀት ላይ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቢገር ሲጻፍ ሁለት «ጂ» አለው፤ ሲነገር ግን አይጠብቅም። ልጆቹ ሁለቱን «ጂ» ሲያዩ «ቢግ... ገር» ብለው ሊያጠብቁት ይታገላሉ። «እኛ እናጠብቃለን አንጽፍም፤ እነሱ ይጽፋሉ አያጠብቁም» ብዬ ስነግራቸው ትላልቆቹ ዓይናቸው ይበራል። ትናንሾቹ ባይገባቸውም አላልቶ መናገሩን ይለምዱታል።

ሦስተኛው የ«ዋይ» ነገር ነው። ሄቪ፣ ሃፒ፣ ኢዚ፣ ደርቲ መጨረሻቸው «ዋይ» ነው። «ኢ አር» ሲመጣ «ዋይ» ወንበሯን ለ«አይ» ትለቃለች። ባዶውንና ውሃ የሞላውን ጠርሙስ በሁለት እጅ አስይዟቸው፤ ሄቪየር ምን እንደሆነ ክንዳቸው ይነግራቸዋል። የአዳማ ልጅ ደግሞ ዊንዲን ያውቃታል። ከተማዋ ዳር ያሉት ኮረብቶች ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያላየ የለም። አዳማ አንድ 34 ተርባይን አለው፣ አዳማ ሁለት 102። ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ጻፉና «የትኛው ቢገር ነው?» በሏቸው። አንድ የሒሳብ ጎበዝ ሦስት እጥፍ መሆኑን ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

ስለ ልጆች ቁመት፣ በጆሮ

መምህር በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት አሥር ልጆች ሰሌዳው ፊት አሰለፍኩ። ከረጅሙ እስከ አጭሩ። ትምህርቱ ጥሩ ሄደ። መጨረሻ ላይ የቆመችውን ልጅ «ሺ ኢዝ ዘ ሾርተስት» አልናት። በዕረፍት ሰዓት ስሟ ዘ ሾርተስት ሆነ። እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ ሌላ ስም አልነበራትም። እናቷ መጥተው «ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም አለችኝ» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ የልጅ ገላ አላወዳድርም። ፋት የምትለዋን ቃል ለአጻጻፍ ብቻ እጠቀማታለሁ፣ እሱንም ለድመት። ስለ መልክ፣ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ አባት መኪና፣ ስለ ማን ቤት ትልቅ ነው አላወዳድርም። ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ። «ቲቸር ኢዝ ኦልደር ዛን ሚ» ይበሉኝ፣ ችግር የለም። የልጆች እጅ መለካካት ግን ደህና ነው፤ መዳፍ ለመዳፍ ገጥመው «ማይ ሃንድ ኢዝ ቢገር» ሲሉ የሚከፋ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው ቀን፦ የሩጫ ካርዶች

አሁን ዕቃ ሰልችቷቸዋል። ፋስተርን የማስተምረው በማራቶን ነው። አምስት ካርድ ላይ ስምና ሰዓት እጽፋለሁ።

አበበ ቢቂላ፣ ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1960፦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ።
አበበ ቢቂላ፣ ቶኪዮ፣ 1964፦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ።
ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በርሊን፣ 2008፦ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ።
ቀነኒሳ በቀለ፣ በርሊን፣ 2019፦ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ።
ትዕግሥት አሰፋ፣ በርሊን፣ 2023፦ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ።

መጀመሪያ የሚያደናግራቸው ቁጥሩ ሲያንስ ፍጥነቱ መብለጡ ነው። ትልቅ ቁጥር የያዘው የሚያሸንፍ ይመስላቸዋል። አንድ ሁለት ጊዜ በአማርኛ አስረዷቸው። ከዚያ ሁለት ሁለት ካርድ ለየዴስኩ ስጡና ዓረፍተ ነገር ይሥሩ። «ቀነኒሳ ኢዝ ፋስተር ዛን ኃይሌ።» ደስ የሚለው የትዕግሥት ካርድ ከአበበ ጋር ሲገናኝ ነው። የቶኪዮው አበበ እንኳ በ18 ሴኮንድ ይቀደማል። ወንዶቹ ልጆች «ቲቸር፣ ተሳስተሻል!» ብለው ይነሳሉ። ሴቶቹ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እየደጋገሙ ይዘምሩታል። ያን ቀን «ትዕግሥት ኢዝ ፋስተር ዛን አበበ» የምትለዋን የማይችል ልጅ አይኖርም። (አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንደሮጠ ማንሳት አይቀርም። አሥር ደቂቃ ይበላባችኋል፤ ይብላ።)

ጊዜ ከተረፈ የሰፈር መጓጓዣ አለ። ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ባቡር። «ኤ ባጃጅ ኢዝ ፋስተር ዛን ኤ ጋሪ።» ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱት ሁለቱ መንገዶችም ጥሩ ናቸው፦ «ዘ ኒው ሮድ ኢዝ ፋስተር ዛን ዘ ኦልድ ሮድ።» እዚህ ላይ ኦልድ በእርግጥም «አሮጌ» ነው።

አራተኛው ቀን፦ ሦስት ነገር ሲሆን

ሱፐርላቲቭ የሚመጣው አሁን ነው። በመሐል ቅዳሜና እሑድ ቢያልፍ ይመረጣል። ሁለቱን በአንድ ቀን ያስተማረ መምህር «ሂ ኢዝ ቶለስት ዛን ሚ» የሚል ክፍል ያገኛል። ደርሶብኛል።

ሁለት ሲባጎ ታሳያላችሁ፤ ሎንገር ይላሉ። ሦስተኛ፣ የባሰ ረጅም ሲባጎ ትጨምራላችሁ። «አሁንስ? ከሁሉም ረጅሙ የቱ ነው?» እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ይረዳናል። «ረጅም» ሳይሆን «ረጅሙ» ነው ያልነው። «ትልቅ» ሳይሆን «ትልቁ»። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» የእንግሊዝኛዋ ዘ ናት። እነሱ ከፊት ያስቀምጧታል፣ እኛ ከኋላ። ልጆች «ዘ»ን የሚረሱት ለምን እንደምታስፈልግ ስለማያውቁ ነው። ረጅሙ፣ ዘ ሎንገስት። ትልቁ፣ ዘ ቢገስት። ከባዱ፣ ዘ ሄቪየስት። እንዲህ አጣምራችሁ አስብሏቸው። አጻጻፉ በሁለተኛው ቀን የተማሩት ነው፤ መንታውም «ዋይ»ዋም እንዳሉ ናቸው። «ኢ አር» በነበረበት «ኢ ኤስ ቲ» ይገባል።

ለዚህ ቀን ያለኝ ምርጥ መሣሪያ መንገድ ነው። ሰሌዳው ላይ ከአዲስ አበባ ቁልቁል መስመር አሰምራለሁ። አዲስ አበባ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ። ብዙ ልጆች በዚህ መንገድ አልፈዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አዳማ ወደ ሸለቆው ወርዳ ትገኛለች። መተሐራ ደግሞ 1,000 ሜትር እንኳ አትሞላም። ዝቅ ባልን ቁጥር ይሞቃል። «አዳማ ኢዝ ሆተር ዛን አዲስ አበባ። መተሐራ ኢዝ ሆተር ዛን አዳማ።» ከሦስቱ? «መተሐራ ኢዝ ዘ ሆተስት!» አንድ ልጅ አያቷ መተሐራ እንደሆኑና ማታ ውጪ እንደሚተኙ ነገረችን። እንግሊዝኛ ባይሆንም አዳመጥናት።

ከዚያ ወደ አገር እንውጣ። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር፦ «ዘ ሃየስት ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ።» ጣና፦ «ዘ ቢገስት ሌክ ኢን ኢትዮጵያ።» ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር፦ «ዘ ሃየስት ማውንቴን ኢን አፍሪካ።» ኢንን አስምሩበት። ልጆቹ «ከኢትዮጵያ» ብለው ስለሚያስቡ ፍሮም እዚህም ልትገባ ትሞክራለች። ቦታ ከሆነ ኢን። ቁጥር ከሆነ ኦቭ፦ ከአምስቱ የሩጫ ካርዶች ቀነኒሳ «ዘ ፋስተስት ኦቭ ዘ ፋይቭ» ነው።

አምስተኛው ቀን፦ ማጨብጨብና አገጭ

ረጅም ቃላት «ኢ አር» አይሸከሙም፤ ሞር እና ዘ ሞስት ያስቀድማሉ። ቢዩቲፉል፣ ኤክስፔንሲቭ፣ ዴንጀረስ፣ ዲፊከልት። ብዙ መመሪያ «አስጨብጭቧቸው፤ አንድ ጭብጨባ ከሆነ «ኢ አር»፣ ሦስት ከሆነ ሞር» ይላል። እኔም ሞከርኩት፤ ጉድ ሆንኩ። ልጆቹ ስሞልን ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። ስ፣ ሞ፣ ል! ፊደል እየቆጠሩ ነው። ኤክስፔንሲቭማ ሰባት ደረሰ።

መፍትሔው አገጭ ነው። የእጃቸውን ጀርባ ከአገጫቸው ሥር ያድርጉና ቃሉን በዝግታ ይበሉ። አገጭ እጅን ስንት ጊዜ ነካ? ስሞል አንድ። ሄቪ ሁለት። ኤክስፔንሲቭ ሦስት። «እስሞል» የሚል ልጅ ሁለት ያገኛል፤ ይህ ደግሞ የፊቷን «እ» ለማስጣል ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ደንቡ ለዚህ ዕድሜ እንዲህ ይበቃል። አንድ ከሆነ «ኢ አር»። ሁለት ሆኖ በ«ዋይ» ካለቀ «ዋይ»ን ቀይረን «ኢ አር»። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሞር። ከሁለቱ መሐል ያሉትን፣ ለምሳሌ ክሌቨርና ኳየት፣ አላነሳቸውም። በሁለቱም መንገድ የሚሄዱ ስላሉ ልጅን ማደናገር ነው።

ኤክስፔንሲቭን በገበያ አስተምሩት። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ገበያ ስለሚወጡ ቲማቲም ወይስ ሽንኩርት እንደተወደደ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ዴስኮቹን ጉሊት አድርጉ። ካርቶን ላይ ዋጋ ይጻፉ፤ ዋጋውን እነሱ ይወስኑ። ገዢው «ኢት ኢዝ ሞር ኤክስፔንሲቭ ዛን...» እያለ ይከራከራል። ቺፕ አንድ አገጭ ስለሆነች ቺፐር ትሆናለች። ሻጭ ቺፐር ካላለ አይሸጥም።

«ሞር ቶለር» የሚል ይመጣል፤ ጠብቁት። «የበለጠ ረጅም» ከሚለው ነው የመጣው። እኔ «ሁለት ኮት በሐሩር አይለበስም» እላቸዋለሁ። ለአዳማ ልጅ ይገባዋል።

ስድስተኛው ቀን፦ ለደንብ የማይገዙት

ጉድ፣ ቤተር፣ ዘ ቤስት። ባድ፣ ወርስ፣ ዘ ወርስት። እነዚህን በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም። ቤስትን ከሰፈር ያውቋታል፤ ቤተርን ለማስያዝ ኳስ ይበቃል። «አርሴናል ኢዝ ቤተር ዛን ማንቸስተር» ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ግማሹ ክፍል ያጨበጭባል፣ ግማሹ ሊያጠፋው ይነሳል። የተቃወመ በእንግሊዝኛ ይቃወም። «ኖ! አርሴናል ኢዝ ወርስ!» ጉደርና ባደር የሚሉ አሉ፤ ደንቡን በሚገባ ስለያዙት ነው። ፋር፣ ሊትል፣ ማች የመሳሰሉትን ለአራተኛ ክፍል አቆያቸዋለሁ።

60 ልጅ ባለበት ክፍል

እያንዳንዱን ማናገር አይቻልም። ዴስኩን ነው የማናግረው። የአንድ ዴስክ ልጆች ተማክረው አንድ ዓረፍተ ነገር ያወጣሉ፤ የሚናገረው ግን እኔ በጣቴ የጠቆምኩት ነው። ማን እንደሚጠቆም ስለማያውቁ ሁሉም ይዘጋጃል። ጎበዙ ደካማውን በክርኑ እየጎሸመ ያስጠናዋል።

ሲሳሳቱ «ስህተት» አልልም። «ሂ ኢዝ ሎንግ ፍሮም ሚ» ካለኝ፣ የገረመኝ መስዬ «ኦ! ሂ ኢዝ ቶለር ዛን ዩ?» እላለሁ። አብዛኛው ልጅ «የስ፣ ሂ ኢዝ ቶለር ዛን ሚ» ብሎ ይመልሳል። ራሱን እንዳረመ እንኳ አያውቅም። ጽሑፍ ላይ ግን አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ነው በቀይ የማሰምርበት። ዛሬ ዛን ከሆነች ዛን ብቻ። ሁሉንም ያቀላሁለት ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ነው የሚሄደው።

ፈተና ላይ ሠንጠረዥ ሙሉ አልልም። ሁለት ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ሦስተኛ እጨምራለሁ፣ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ስለፈለጉት ነገር ነው። ስለ ሰው ገላ ብቻ እንዳይሆን።

የቤት ሥራው ደግሞ ማድ ቤት ነው። ድስትና ጀበና፣ ማንኪያና ጭልፋ፣ ሁለት ብርጭቆ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ለእናት ወይም ለአያት በእንግሊዝኛ ይናገሩ፤ ከዚያ በቤቱ ቋንቋ ይተርጉሙ። ወላጅ እንግሊዝኛ ባይችልም ልጁ መናገሩን መስማት ይችላል። ዛን ከተሰማች ሥራው ተሠርቷል።

ያ «ሎንግ ፍሮም ሚ» ያለኝ ልጅ በስድስተኛው ቀን ሀባቡ ሲቆረስ ቁራጩን ከጓደኛው ጋር አስተያየና ወደ እኔ መጣ። «ቲቸር፣ ሂዝ ኢዝ ቢገር ዛን ማይን!» ሌላ ጨመርኩለት።